በቀኝ የሚከፈቱ የቀበሮ መጻሕፍት

የስንዴ ዱቄት ሙጫ በስሎ ሲወርድ የሚሸተውን ሽታ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በኮሎምበስ ከተማ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ካለ እጁን ያውጣ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሰብለ ሊንደን ወደሚገኘው ቤቴ ጎራ አለችና ድስቱን ከፍታ አይታ፣ «አባዬ፣ ገንፎ ነው?» አለችኝ። «ገንፎ አይደለም፤ ሙጫ ነው» አልኳት። «ሙጫ በየስቶሩ ሞልቶ የለም እንዴ? ስቶቩን ልታቃጥለው ነው!» ብላ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። አልፈርድባትም። ለእርሷ የዱቄት ሽታ ነው። እኔ ግን ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ የሰባ ሁለት ዓመቱ ሽማግሌ እልም ብሎ ይጠፋና፣ ፒያሳ ከማዘጋጃ ቤቱ ዝቅ ብላ በነበረች አንዲት ጠባብ የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት ውስጥ ሽርጥ ያገለደመ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ በምትኩ ይቆማል።

ስለ ራሴ ልናገር፤ ሌላ ሰው አይናገርልኝም። ስሜ ዳምጠው ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለ ዲፕሎማ የለም። መደርደሪያዬ ላይ ግን በዕብራይስጥ የተተረጎሙ፣ በሥዕል ያጌጡ ሠላሳ አንድ የጥንት የተረት መጻሕፍት ቆመዋል። ቀበሮና ቁራ፣ ኤሊና ጥንቸል፣ አንበሳና አይጥ፣ ጉንዳንና ፌንጣ። ከግሪኩ የተተረጎመ አለ፣ ከፈረንሳዩ አለ፣ ከሩሲያው አለ። በርሊን የታተመ፣ ዋርሶ የታተመ፣ ቴል አቪቭ የታተመ አለ። ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ፤ የተቀደደውን ሁሉ በእጄ ጠግኜዋለሁ። በዚህ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ያላቸው ዶክተሮች አሉ፤ እንዲህ ያለ መደርደሪያ ግን የላቸውም። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ዕብራይስጥ ማወቄ ከተሰማ ወዲህ እሑድ እሑድ ሰላም አይሰጡኝም። «ጋሽ ዳምጠው፣ ይህ ቃል በመጀመሪያው ቋንቋ ምን ማለት ነው?» ይሉኛል ወጣቶቹ፣ ስልካቸውን ከፍተው። «እኔን ቀበሮው ለቁራው ያለውን ጠይቁኝ» እላቸዋለሁ፤ «ነቢያቱን ለፓስተሩ ተዉለት።» ይስቃሉ። ሲስቁም ያከብሩኛል፤ እንደማከብራቸው ያውቃሉና።

አሁን የምተርከው ነገር የጀመረው በዚያ የኮሮና ክረምት ነው። ለእኛ ለሽማግሌዎች ክትባቱ የደረሰ ጊዜ፣ በረዶው የሰው ጉልበት ሲያክል፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈን ተወጋን። ከተወጉ በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ወንበር ላይ ቁጭ ማለት ግዴታ ነበር። እኔ ከኮቴ ኪስ አንዱን ቀበሮዬን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ቢጫ ሰደርያ ያደረገች አንዲት ሐበሻ ልጅ፣ ሰው እንዳይወድቅ የምትጠብቅ፣ ከጭምብሏ በላይ በዓይኗ ስታየኝ ቆየችና ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ መጽሐፉን ከመጨረሻው ነው የጀመሩት» አለችኝ ዝግ ብላ፤ መርፌው አዙሮኝ መስሏት ነው መሰለኝ። መልስ ሳልሰጣት፣ ሁለት ሜትር ርቆ የተቀመጠ አንድ ነጭ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ፣ «ስለ መጽሐፉ ከሆነ ልክ ነው የያዘው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ናታን ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው። «የእኛን ፊደል ታነባለህ?» አለኝ።

«አነባለሁ።»

«ማን አስተማረህ?»

«እኔ።»

ሳቀ። «እኔን አባቴ ዘጠኝ ዓመት ለፋብኝ፤ ከጸሎት በቀር አልገባልኝም። አባቴ ደግሞ በሙያው አስተማሪ ነበር!» አለ። «እንዴት ተማርከው?» አሥራ አምስት ደቂቃ አልበቃ አለኝ። እናንተ ግን ጊዜ አላችሁ።

ያኔ፣ በጉርምስናዬ፣ ፒያሳ ገብቶ ሲኒማ በሽልንግ ይታያል። በስሙኒ ማኪያቶ ይጠጣል፤ አረፋውን በማንኪያ እየላሱ የሚያልፈውን ሰው እያዩ አንድ ሰዓት መቀመጥ ይቻላል፤ የሚያስነሳ የለም። ጫማ በአሥር ሳንቲም ተጠርጎ ፊት ያሳያል። ሰራተኛ ሰፈር ካለ ልብስ ሰፊ ዘንድ ከጉልበቱ በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ ቤል ቦቶም ሱሪ አሰፍቼ ነበር፣ ቀለሙ የበሰለ ቡና። ጓደኞቼ «ዳምጠው ሲያልፍ ማዘጋጃ ቤት ጠራጊ መቅጠር አያስፈልገውም» ይሉኝ ነበር። ጠጉሬ አፍሮ ነው፤ በር ላይ ጎንበስ ሳልል አልገባም። ከመጠረዣ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው የሸክላ መሸጫ ድምጽ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ አንድ ዘፈን፣ ወዳጇን ባቡር ጣቢያ ሸኝታ ስለተመለሰች ሴት የሚል፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያጫውታል። መርፌዬ በዚያ ዘፈን ምት ነበር የሚገባውና የሚወጣው። ዛሬም ስሰፋ ያንኑ ነው የማንጎራጉረው።

አለቃዬ ሙሴ ሃጎፕ የሚባል አርመናዊ ነበር። አማርኛውን ከእኛ አስበልጦ ይናገራል፤ ስድቡንማ ከማንም አስበልጦ። በስፌት ግን አንደኛ የሚያወጣው እኔን ነው፤ ይህን ራሱ ነው ለደንበኛ የሚናገረው። አንድ ቀን አንዲት ማዳም መጣች። ባሏ እርሻ የሚያስተምር እስራኤላዊ ነው፤ ማዳም ሪቭካ እንላታለን። እጅጌ የሌለው ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ በሐር ሻሽ የተጠቀለለ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ይዛ። ስፌቱ ተበጥሶ ቅጠሎቹ ተፈትተዋል፤ ሥዕሎቹ ግን ሕይወት አላቸው። ሙሴ ሃጎፕ ሥራውን ተቀብሎ፣ «ዳምጠው፣ ይህን አሳምረህ!» ብሎኝ ወደ ጉዳዩ ሄደ። ማሳመርማ ሥራዬ ነው። አየሁት። ፊደሉን አላውቀውም። ክዳኑ ያለው በኋላ ነው፤ የስፌቱ ቀዳዳ ያለው በቀኝ ነው። ‹ይህን የጠረዘው ፈረንጅ ገልብጦታል› አልኩ በልቤ። አስተካከልኩት። የተበላውን ቀኝ ጠርዝ በመቁረጫው እኩል አድርጌ ከረከምኩት፤ በግራ በኩል እንደ አገራችን መጽሐፍ ሰፋሁት፤ በቀይ ቆዳ ለበጥኩት፤ በጀርባው የወርቅ መስመር አስመርኩለት። እንዲህ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ማዳም መጥታ በለመደችው በኩል ከፈተችው፤ ያገኘችው መጨረሻውን ነው። ገለበጠችው፤ እንደገና ገለበጠችው። ከዚያ አንድ ሥዕል ላይ ቆመች። «ጭራው የት ሄደ?» አለችኝ በተሰባበረ አማርኛ። የቀበሮው ጭራ በቀኝ ጠርዝ በኩል ነበር። «አስተካከልኩት ማዳም» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። ሙሴ ሃጎፕ ከኋላ መጥቶ ሲያይ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «አንተ የአህያ ውላጅ! የዕብራይስጥ መጽሐፍ እኮ በቀኝ ነው የሚከፈተው!»

«ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«አንተ ለምን አልጠየቅህም?»

ማዳም አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «የወንድሜ ነበር» ብቻ አለች። ወንድሟ የት እንዳለ አልጠየቅኳትም፤ ፊቷን አይቼ ተውኩት። እንደገና ልሥራው ብላት እንቢ አለች፤ የተቆረጠ አይቀጠልም። ከቦርሳዋ እርሳስ አውጥታ በመጠቅለያ ወረቀት ላይ ሃያ ሁለት ፊደል በረድፍ ጻፈችልኝ፤ ድምፃቸውን አንድ ጊዜ አነበበችልኝና፣ «ሁለተኛ እንዳትሳሳት» ብላ መጽሐፏን ይዛ ሄደች። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ እስራኤላውያኑ በአንድ ሰሞን ድንገት ከአገሩ ወጡ። መጽሐፉም ወጣ። ከዚያ ወዲህ የጠረዝኩትን ቁጥር አላውቀውም። መዝገብ፣ ወንጌል፣ የሕግ መጽሐፍ፣ የትምህርት ቤት ደብተር፣ ሁሉም ዛሬም አልተበጠሰም። ያ አንዱ ግን የሆነ አገር መደርደሪያ ላይ ቆሞ፣ የከፈተው ሁሉ ‹የጠረዘው መሃይም ማነው?› እያለ እንደሚዘጋው አስብ ነበር። ሌሎቹ ሺዎች አልታዩኝም፤ እርሱ ነው የታየኝ። አንድ ቀን ከዚያ የሚበልጥ የዕብራይስጥ መጽሐፍ ጠርዤ፣ እንከን የሌለው አድርጌ፣ ስሜን ሳላጸዳ አልሞትም ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ፊደሉን በሳምንት ያዝኩት። ቋንቋውን ያስተማረኝ ግን ሥዕል ነው። ዘዴውን ልንገራችሁ፤ የእኔ ፈጠራ ነው፤ የሚፈልግ ይውሰደው። ተረቱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ፤ ቁራው አይብ ይዟል፣ ቀበሮው ያሞግሰዋል፣ አይቡ ይወድቃል። በማንኛውም ቋንቋ አይቡ መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ ከሥዕሉ በታች ካሉት ቃላት አንዱ አይብ ነው፣ አንዱ መውደቅ ነው። ያንኑ ተረት ሌላ ሰው ሲተረጉመው ደግሞ በሌላ ቃል ይለዋል፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ አያለሁ። መጽሐፍ የምሰበስበው ለዚህ ነበር። ሰው የሚያየው ሠላሳ አንድ ቀበሮ ነው፤ እኔ ግን ሠላሳ አንድ መምህር ነው ያለኝ፤ አንዱም ተቆጥቶኝ አያውቅም።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በአርባ ሰባት ዓመቴ ዲቪ ደርሶኝ ነው። ሪከንባከር በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሃያ ዓመት ካርቶን አሽጌያለሁ፤ እኔ ያሸግኩት ካርቶን መንገድ ላይ ተፈታ የሚል ሰው አልመጣም፤ ሱፐርቫይዘሩ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ዳምን እዩት» ነበር የሚለው። የመጀመሪያውን መጽሐፌን ያገኘሁት ከሺፍት ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ብርዱ አስገብቶኝ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ካለ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። ከተጣመመ መጥበሻና ከአንድ እግር ጫማ መካከል የበግ ቆዳ የለበሰ ተኩላ አየኝ። አምሳ ሳንቲም። ገንዘብ ተቀባይዋ ገልበጥ አድርጋ፣ «የኔ ማር፣ ይሄ እኮ ወደኋላ ነው የተጻፈው፤ ዝም ብለህ ውሰደው» አለችኝ። አምሳ ሳንቲሟን አስቀምጬላት ወጣሁ፤ የተኩላን ዋጋ አልበላም። ከዚያ ወዲያ በጋ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት አውቶቡስ ወደ ምሥራቁ ሰፈር እሄዳለሁ፤ ሰዎች ከሞቱ ወላጆቻቸው ቤት ያወጡትን ዕቃ ሣሩ ላይ ይዘረጋሉ። አንድ ጊዜ አንድ የዕብራይስጥ መምህር ነኝ ያለ ሰው ከእጄ ያለውን መጽሐፍ አይቶ፣ «ይህ ከአርባ ዓመት አይበልጥም» አለኝ። ዝገት የበላውን የሽቦ ስፌት አሳየሁትና፣ «ይህ ሽቦ አባትህን ያውቃል» አልኩት። ክዳኑ ውስጥ የተደበቀውን ዓመተ ምሕረት ሲያይ ኮፍያውን አነሳልኝ።

እንግዲህ ናታን ያገኘው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ሁለተኛውን መርፌ ከተወጋን በኋላ ኮል አደረገኝ፤ ቤቱ ሄድኩ። ከአልጋው ሥር የጫማ ካርቶን አወጣ። ከፈትኩት። አርባ ቅጠል የተረት መጽሐፍ፣ በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ፣ ጀርባው ባዶ፣ ሥዕሎቹ በእጅ የተቀቡ የሚመስሉ፤ አባቱ ከጀርመን ሲወጣ በኮቱ ውስጥ ይዞት የወጣ። ስፌቱ አልቋል። «ለአንድ ባለሙያ አሳየሁት፤ አትንካው፣ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ አለኝ» አለ ናታን። «የልጅ ልጄ ሴት ልጅ ወልዳለች። እኔ ደግሞ ሳጥን ውስጥ መግቢያዬ ደርሷል። መጽሐፉ እንኳ ይውጣ። በእጇ ትይዘው፤ ልቅደደው ካለችም ትቅደደው። ትችላለህ?»

«ከእኔ በቀር የሚችል የለም» አልኩት።

ያን ዕለት ስለ አንድ ተረት አጫወተኝ። «በዓለም ላይ ተኩላ ግልገሉን የሚለቅበት ተረት ይህ ብቻ ነው» አለኝ። «ተኩላው ወንዝ ዳር ያገኘዋል፣ ውኃዬን አደፈረስክ ይለዋል፣ በመጨረሻ ግን ያዝንለትና ‹ሂድ› ይለዋል። አባቴ በየማታው እያነበበ ይተረጉምልኝ ነበር።» ያንን ተረት በአሥራ አራት መጽሐፍ አለኝ፤ በአሥራ አራቱም ተኩላው ይበላዋል። ሰው የማያውቀው ትርጉም አገኘሁ ብዬ በአውቶቡሱ ውስጥ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፌ፣ ኩራቴ ከደረቴ ሊወጣ እየታገለኝ ቤቴ ደረስኩ።

ሰብለ ስትሰማ ጮኸች። «አባዬ፣ የሰው ቅርስ ነው! ቢበላሽ ሱ ያደርጉሃል፤ ፍርድ ቤት ያቆሙሃል! ደግሞ እጅህን አታየውም?» እጄስ እውነቷን ነው። በክረምቱ ኮሮና ይዞኝ ከተነሳሁ ወዲህ የቀኝ ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣሉ። ስለዚህ እስከ አራት ሰዓት እጄን በሞቀ ውኃ እዘፈዝፋለሁ፤ ከዚያ እስከ ምሳ እሠራለሁ፤ ከምሳ በኋላ መጽሐፍ አልነካም። እንዲህ ሆኜ ሦስት ሳምንት ቅጠሉን አንድ በአንድ አጸዳሁ፣ የተቀደደውን በስስ ወረቀት ለጠፍኩ። ከዚያ ለስፌት እንደነበሩበት ተራ ደረደርኳቸው። ከእያንዳንዱ ቅጠል ግርጌ ቁጥሩ በፊደል ተጽፏል፤ እንደ ነጥብ ያነሰ፣ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታይ። አሥራ አንድ፤ ተኩላው ከግልገሉ ጋር ሲጨቃጨቅ። ቀጥሎ የመጣው፣ ሥዕል የሌለው ቅጠል ‹ትንሹም አለቀሰ፤ ትልቁም መዳፉን አንስቶ ሂድ አለው፤ ሄደም› የሚለው ነው። ቁጥሩ ግን አሥራ ሁለት አይደለም። ሃያ ሦስት ነው።

አሥራ ሁለትን ፈለግሁት፤ እርሱም ያለ ሥዕል፣ ከሃያ ሁለት ቀጥሎ፣ በአንበሳውና በአይጡ ተረት መካከል ተሰፍቶ ነበር። ‹በጥርሱ ያዘው፤ ወደ ጫካም ወስዶ በላው› ይላል። ገባኝ። የጥንቱ ጠራዥ ሁለት ቅጠል አቀያይሯል። ‹ሂድ› ያለው አንበሳው ነው፤ አይጡን። ተኩላውማ እንደ ልማዱ በልቷል። በናታን መጽሐፍ ግን ተኩላው ይምራል፤ አንበሳው አይጡን ይበላዋል፤ የተበላው አይጥ ደግሞ በሃያ አራተኛው ቅጠል ላይ ተነስቶ የአንበሳውን ወጥመድ በጥርሱ ይቆርጣል! ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ኮራሁ። ሦስት ትውልድ ያላየውን፣ ባለሙያውም ያላየውን እኔ አየሁ። ሁለቱን ቅጠሎች ወደ ቦታቸው ለመመለስ የሚፈጀው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ስሜን የማጸዳበት፣ እንከን የሌለው መጽሐፍ እጄ ላይ ነበር። ቅጠሉን አንስቼ ያዝኩት። ያዝኩትና ስልኩን አነሳሁ።

«ሚስተር ናታን፣ አባትዎ የአንበሳውንና የአይጡን ተረት አንብበውልዎ ያውቃሉ?»

«የለም። እዚያ ሲደርስ ገጾቹ ተጣብቀዋል ይልና ሁለት ሦስቱን ባንዴ ይገልጥ ነበር።»

«አልተጣበቁም» አልኩት። «ተጣብቀውም አያውቁም። ሙጫ የነካውን ወረቀት እኔ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት።

«አለህ?» አለኝ።

«አለሁ።»

«አባቴ ያውቅ ነበር ማለት ነው።»

«አስተማሪ አልነበሩ? እንዴት አያውቁ!»

«እርሱ በመጣበት አገር ተኩላው የለቀቀው ሰው አልነበረም» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «እንደነበረው ስፋው።»

«ሚስተር ናታን፣ ስህተት ነው እኮ! የሚያውቅ ሰው ቢያየው ምን ይላል?»

«ማን ያየዋል?»

«እኔ አላየሁትም?»

ሳቀ፤ እያለቀሰ ይመስለኛል የሳቀው። «ግልገሉ እንደሚበላ ለሕፃኗ እኔ ልንገራት? ራሷ ትደርስበታለች። ስፋው፣ ዳምጠው።» የአንበሳውን ገጾች ልለጥፋቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አትለጥፍ» አለኝ፤ «አባቴ ያን ውሸት በአፉ ነው የዋሸው፤ በሙጫ አልነበረም።»

ሦስት ቀን መርፌ አላነሳሁም። ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። አምሳ ዓመት የጠበቅሁት መጽሐፍ እጄ ገብቶ፣ እያወቅሁ ተሳስቼ ልሰፋው! በአራተኛው ቀን እጄን ዘፍዝፌ ሳወጣ አንድ ነገር አሰብኩ። ቅጠል በቁጥሩ መደርደር የማንም ሥራ ነው፤ ቁጥር የሚያውቅ ልጅ ይደረድረዋል። አንድን ስህተት አውቆ፣ ወድዶ፣ ሌላ መቶ ዓመት እንዲቆይ አድርጎ የሚሰፋ ጠራዥ ግን ከየት ይገኛል? አሥራ አንድ፣ ሃያ ሦስት፣ አሥራ ሦስት። ሃያ ሁለት፣ አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት። ክሩን በሰም ስቤ፣ ያቺን የባቡር ጣቢያ ሴት እያንጎራጎርኩ ሰፋሁት። ጣቶቼ አንድም ጊዜ አልተንቀጠቀጡም። በአረንጓዴ ቆዳ ለበጥኩት፤ ጠርዙን በመቁረጫ አልነካሁትም፤ የማንም ጭራ አልጎደለም።

ዛፉ ሁሉ በአበባ ሳለ ወሰድኩለት። የልጅ ልጁ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ናታን መጽሐፉን ተቀብሎ ቆዳውን ዳበሰው፣ በቀኝ በኩል ከፈተው፣ ወዲያው መነጽሩን አወለቀ። «አልችልም» አለ፤ «አንተ አንብብላት።» አነበብኩ። ከፒያሳ የመጣሁ፣ ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ የሪከንባከር ካርቶን አሻጊ፣ በአባታቸው ቋንቋ ለእነርሱ አነበብኩላቸው። ናታን ተረቱን በቃሉ ይዞታል፤ ከንፈሩ ከእኔ እኩል ይንቀሳቀስ ነበር። አሥራ አንደኛው ቅጠል ላይ ተኩላው ሲያጉረመርም ድምፄን አወፈርኩ፤ ሕፃኗ ዓይኗን አፈጠጠች። ቅጠሉን ገለጥኩ። ተኩላው መዳፉን አነሳ፤ ሂድ አለው፤ ሄደም። ናታን የሕፃኗን እግር በእጁ ጨብጦ ያዘ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ያንን ተረት ስህተት ብዬ ጠርቼው አላውቅም፣ በአፌ።

በጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ልሄድ ስል ናታን መጽሐፉን ሲያገላብጥ፣ በመጨረሻው ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ በቀለም የጻፍኩትን አየ። «ይህ ምንድን ነው?»

«የጠራዡ ስም ነው፤ በእኛ ፊደል።»

«ለስም በጣም አልረዘመም?»

«የእኛ ስም ረጅም ነው» አልኩት።

የተጻፈው ይህ ነው፤ ‹የዚህ መጽሐፍ አሥራ ሁለተኛውና ሃያ ሦስተኛው ቅጠል ቦታ ተለዋውጠዋል። አውቃለሁ። እንዲህ ይሁን ስለተባልኩ፣ እኔም ስለተስማማሁ፣ እንዲህ ሰፋሁት። ጠራዥ ዳምጠው፣ ኮሎምበስ።› ለእነርሱ የመጨረሻው ገጽ ነው፤ ተረቱ ሁሉ አልቆ፣ ልጅ ተኝቶ የሚዘጋበት። ከእኛ ወገን የሆነ ሰው ግን አንድ ቀን ያንን መጽሐፍ እጁ ቢያስገባ፣ እንደ አገሩ በግራ በኩል ነው የሚከፍተው፤ ገና ቀበሮውንም ተኩላውንም ሳያይ ቀድሞ የሚያገኘው እኔን ነው።